ምዕራፍ 6፦ የሚሸሽ መሬት

ክርክሩ የተነሣው በ1977 በሃዋይ፣ በኦዋሁ ደሴት ነው። (እንደ ቀደሙት ምዕራፎች ሁሉ እዚህም ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዱላ ቅብብል ሩጫ አልቆ ሽልማት በሚሰጥበት ቦታ የተሰበሰቡ ሯጮችና ዋናተኞች «ከእኛና ከእናንተ ብርቱው ማነው?» ተባባሉ። ጆን ኮሊንስ የሚባል የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን ደግሞ ቤልጂጋዊው ብስክሌተኛ ኤዲ መርክስ ከሁለቱም ወገን ሳይበልጥ አይቀርም ብሎ ሙግቱን ባለ ሦስት ጎን አደረገው። መዳኛ ብሎ ያቀረበው ሐሳብም ቀላል ነበር። በደሴቲቱ ላይ በየራሳቸው ይካሄዱ የነበሩትን የዋይኪኪን የባሕር ዋና፣ የደሴቲቱን ዙሪያ የብስክሌት ጉዞና የሆኖሉሉን ማራቶን በአንድ ቀን አከታትሎ መጨረስ! ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1978 ማለዳ 15 ሰዎች ጀመሩ፤ 12ቱ ጨረሱ። ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ዛሬ አይረንማን እየተባለ በብዙ አገር የሚካሄደው ውድድር የተወለደው ከዚህ ሙግት ነው።

ሙግቱ ራሱ ግን አልተፈታም። ዋናው 3.86 ኪሎ ሜትር፣ ሩጫው 42.195 ኪሎ ሜትር ነበር። በዚህ ሚዛን የተበደለው ማን ነው? ዋናተኛው ወይስ ሯጩ? ለመመለስ አንድ ኪሎ ሜትር ውሃ ስንት ኪሎ ሜትር መሬት እንደሚያህል ማወቅ ይጠይቃል። ከዚያም አልፎ ለምን ያን ያህል እንደሆነ ማወቅ ይጠይቃል።

በምዕራፍ 3 ኦክስጅን ከሳንባ ተነሥቶ ጡንቻ እስኪደርስ የሚሄድበትን መንገድ ተከትለናል። በምዕራፍ 5 ደግሞ እኩል ኦክስጅን መሳብ የሚችሉ ሁለት ሯጮች አንዱ ሌላውን ጥሎት የሚሄደው ስለምን እንደሆነ ስንመረምር «የሩጫ ቁጠባ» የምንለውን ሐሳብ አግኝተናል፤ ያው፣ በሚቃጠለው ኦክስጅን ስንት ሜትር ተሄደ የሚለውን ማለት ነው። አሁን ያንኑ ሐሳብ ይዘን ውሃ ውስጥ እንገባለን። እዚያ ሲገባ ቁጠባ መልኩን ይለውጣል።

አራት ለአንድ

ሞሮኳዊው ሂሻም ኤል ገሩዥ በ1998 ሮም ላይ 1,500 ሜትርን በ3 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጠ። አሜሪካዊው ቦቢ ፊንክ በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ያንኑ 1,500 ሜትር በ14 ደቂቃ ከ30.67 ሰከንድ ዋኘ። ሁለቱም የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩበት ሰዓት ነው። የዋናውን ሰዓት ለሩጫው ሲያካፍሉት 4.2 ይመጣል።

አንድ ጊዜ የተገጣጠመ ቁጥር እንዳይመስል ሌላ ርቀት እንውሰድ። ኦሊምፒክ ከ2008 ጀምሮ በክፍት ውሃ የሚካሄድ 10 ኪሎ ሜትር ዋና አለው። ፓሪስ ላይ ሀንጋሪያዊው ክሪሽቶፍ ራሶቭስኪ በሴን ወንዝ ርቀቱን በ1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ከ52.7 ሰከንድ ጨርሶ ወርቅ ወሰደ። ኬንያዊው ኬልቪን ኪፕቱም በ2023 ቺካጎ ላይ ማራቶንን የሮጠው በ2 ሰዓት ከ35 ሰከንድ ነው። 10 ኪሎ ሜትሩ «የማራቶን ዋና» መባሉ ማጋነን አይደለም፤ 10 ጊዜ 4 ማለት 40 ነውና ሁለቱ ስፖርተኞች የሚለፉበት ጊዜ ተቀራራቢ ነው። በአጭሩም ርቀት ያው ነው። ቻይናዊው ፓን ዣንሌ 100 ሜትር የዋኘበት 46.40 ሰከንድ፣ ደቡብ አፍሪካዊው ዌይድ ቫን ኒከርክ 400 ሜትር ከሮጠበት 43.03 ሰከንድ ብዙም አይርቅም።

ስለዚህ የሃዋዩ 3.86 ኪሎ ሜትር ዋና በሩጫ ቋንቋ 15 ተኩል ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ዋናተኛው ግማሽ ማራቶን እንኳ ያልሞላ ድርሻ ተሰጥቶት ከሙሉ ማራቶን ጋር ተመዘነ ማለት ነው። ለዳኝነት ከተባለ ዋናው 10 ኪሎ ሜትር መሆን ነበረበት። (ይህን ብለው ቢሆን ኖሮ 15ቱም መጀመራቸውን እጠራጠራለሁ።)

አራት ለአንድ የሚለው ምጣኔ አሠልጣኞች ልምምድ ሲያቅዱ የሚጠቀሙበት ነው፤ ጠቃሚም ነው። ግን ልብ ይበሉ፤ የተገኘው ከዓለም ምርጦች ነው። ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ ከሚሮጡት መካከል 10 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ወጣት ብዙ ነው። በምጣኔው መሠረት እሱ በአንድ ሰዓት 2.5 ኪሎ ሜትር መዋኘት ነበረበት። ገንዳ ውስጥ ቢገባ ግን ምናልባት ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ሳይሞላ የገንዳውን ጠርዝ ይዞ ያለከልካል። ልቡ ያው ልብ፣ ሳንባው ያው ሳንባ ነው። ታዲያ ምን ነካው?

ዘንግና ውሃ

ጣና ላይ የደንገል ታንኳ የሚነዳ ሰው ያስቡ። ዳር አካባቢ፣ ውሃው ከወገብ በማይበልጥበት ቦታ፣ ረጅሙን ዘንግ ወለሉ ላይ ተክሎ ይገፋል። ወለሉ አይነቃነቅም፤ ስለዚህ የገፋበት ጉልበት ሁሉ ታንኳውን ወደፊት ይወስደዋል። ትንሽ እልፍ ብሎ ጥልቁ ላይ ሲደርስ ዘንጉ ወለል አያገኝም። ያኔ ውሃውን ራሱን መግፋት፣ መቅዘፍ ግድ ይሆናል። ውሃ ደግሞ ሲገፉት ይሸሻል። ክንዱ ያው ክንድ፣ ታንኳውም ያው ታንኳ ሆኖ ሳለ ከጉልበቱ ከፊሉ ታንኳውን ሲያራምድ ከፊሉ ውሃውን ወደ ኋላ ሲያባርር ይባክናል። ታንኳው ካለፈ በኋላ ከኋላ የሚቀረው ሽክርክሪት የባከነው ጉልበት ነው፤ በዓይን የሚታይ ኪሳራ።

ሯጭ ወለል ያገኘ ዘንግ ነው። ዋናተኛ ጥልቁ ላይ ያለው ነው።

የሯጭ መሬት ከመጽናቱም በላይ ሌላ ስጦታ አለው። በምዕራፍ 5 እንዳየነው፣ ባትን ከተረከዝ የሚያያይዘው የአኪሊስ ጅማት እግር መሬት ሲነካ ይለጠጥና ሲነሣ ተመልሶ ይሰበሰባል። በእያንዳንዱ እርምጃ ከሚመላለሰው ጉልበት አንድ ሦስተኛ ያህሉን አጠራቅሞ የሚመልሰው ይህ ጅማት ሲሆን፣ የውስጥ እግር ቅስትም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ሯጭ ያወጣውን ጉልበት በከፊል በብድር ያስመልሳል። ዋናተኛ ይህ ብድር የለውም። ውሃ ላይ የሚለጠጥበት ነገር አያገኝም፤ እያንዳንዱ የክንድ ምት ከባዶ ይጀምራል።

በዚህ የተነሣ ሰው ውሃ ውስጥ አሳዛኝ ማሽን ነው። ጎበዝ ዋናተኛ እንኳ ሰውነቱ ካቃጠለው ኃይል ውሃውን ሰንጥቆ ወደፊት ለመሄድ የሚውለው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። የቀረው ሙቀትና ሽክርክሪት ሆኖ ይቀራል። ከላይ ያሉትን ቁጥሮች በፍጥነት ብንገልጻቸው ደግሞ ይበልጥ ይገርማሉ፤ ፊንክ የዓለም ክብረ ወሰኑን የሰበረው በሰዓት 6.2 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ ነው። ይህ ታክሲ ያመለጠው የመንግሥት ሠራተኛ ወደ ቢሮ የሚራመድበት ፍጥነት ነው።

የፍጥነት ዋጋ

እስካሁን ያየነው ግፊያውን ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ ግምት ዋነኛው ነገር፣ ከፊት ያለው ውሃ ነው።

ውሃ ከአየር 800 ጊዜ ያህል ይጠነክራል፤ ማለትም እኩል መጠን ያለው ውሃና አየር ቢመዘን ውሃው ያን ያህል ይከብዳል። ወደፊት የሚሄድ አካል ይህን ክብደት ከመንገዱ ገለል ማድረግ አለበት። ውሃው ለዚህ የሚያሳየውን እንቢታ የፊዚክስ ሰዎች ድራግ ይሉታል። የማራቶን ሯጭም ከአየር ጋር ይህ እንቢታ ይገጥመዋል፤ ግን ነፋስ ከሌለ ከጠቅላላ ድካሙ ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። ለዋናተኛ ድካሙ ማለት እንቢታው ራሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን ፍጥነት እንጨምር። ዋናተኛው ፍጥነቱን እጥፍ አደረገ እንበል። በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚገጥመው ውሃ እጥፍ ይሆናል፤ ያንን ውሃ ገለል የሚያደርግበትም ፍጥነት እጥፍ መሆን አለበት። ሁለት ጊዜ ሁለት አራት ነውና እንቢታው አራት እጥፍ ሆነ። ነገሩ በዚህ አያበቃም። ይህን አራት እጥፍ እንቢታ እየታገለ በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚሄደው ርቀትም እጥፍ ነው። ስለዚህ በሰከንድ የሚያወጣው ጉልበት ስምንት እጥፍ ሊሆን ነው። ፍጥነት እጥፍ፣ ዋጋው ስምንት እጥፍ! ይህ ሒሳብ በትንሹም ይሠራል፤ በ10 በመቶ ብቻ ለመፍጠን የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጉልበት 33 በመቶ ነው።

በመሬት ላይ እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው አንድን ኪሎ ሜትር በ4 ደቂቃም ሮጠው በ6 ደቂቃ፣ ለኪሎ ሜትሩ የሚከፍለው ተቀራራቢ ነው፤ ለእያንዳንዱ የሰውነቱ ኪሎ ግራም 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለአንድ ኪሎ ሜትር 60 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል። ሲፈጥን ያንኑ ዕዳ ባጠረ ጊዜ ይከፍላል እንጂ ዕዳው አይበዛም። 10 በመቶ ለመፍጠን በደቂቃ 10 በመቶ የሚሆን ጉልበት መጨመር ይበቃዋል።

ከዚህ ልዩነት ብዙ ነገር ይፈልቃል፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ሯጭ ሌላው ዋናተኛ፣ ለወራት ተለማምደው ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸውን በ10 በመቶ አሳደጉ እንበል። ሯጩ በ10 በመቶ ያህል ይፈጥናል። የዋናተኛው ፍጥነት ግን የሚጨምረው በ3 በመቶ ነው። እኩል ለፍተው እኩል አላተረፉም። ለዚህ ነው የዋና አሠልጣኝ ሰውነትን ከማጠንከር እኩል፣ እንዲያውም አስበልጦ፣ ስለ አካል አቀማመጥ የሚጨቀጭቀው፤ ጭንቅላትህን ዝቅ፣ ወገብህን ከፍ፣ ጣትህን ወደፊት። ውሃው የሚገጥመውን ፊት ማጥበብ ዋጋውን ከሥሩ ይቀንሰዋል።

የስፖርት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ይህ ከማንም በፊት ገብቷቸዋል። በ2008 ስፒዶ ኤልዜድአር ሬሰር የሚባል የዋና ልብስ አወጣ፤ ተከታዮቹ ልብሶች ደግሞ ውሃ በማያሳልፍ ፖሊዩረቴን በሚባል ነገር ተሠርተው መጡ። ልብሱ ሰውነትን አጥብቆ ይይዛል፣ ወደ ላይ ያንሳፍፋል፣ ቆዳን ያለሰልሳል። በ2009 የሮም የዓለም ሻምፒዮና በአንድ ውድድር 43 የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ። ከ2010 ጀምሮ ልብሱ ታገደ። በሩጫ ላይ ተመሳሳይ ግርግር የፈጠረው ደግሞ በ2017 ለገበያ የቀረበው የናይኪ ቬፐርፍላይ ጫማ ነው፤ በሶሉ ውስጥ የካርቦን ሳህንና ጉልበት የሚመልስ ስፖንጅ አለው። ለዋናተኛ የተሸጠለት ውሃውን የሚያታልል ልብስ ነው፤ ለሯጭ የተሸጠለት ብድር የሚጨምር ጫማ። የሁለቱ ስፖርት ችግር የት እንዳለ ለማወቅ የፊዚክስ መጽሐፍ ባይኖር እንኳ የሱቅ መደርደሪያ ማየት ይበቃል።

ሌላም አለ። በ1,500 ሜትር ሩጫ ኬንያዊቷ ፌይዝ ኪፕዬጎን በ2025 የሮጠችው 3 ደቂቃ ከ48.68 ሰከንድ ከኤል ገሩዥ ሰዓት በ11 በመቶ ይረዝማል። በ1,500 ሜትር ዋና የኬቲ ሌዴኪ 15 ደቂቃ ከ20.48 ሰከንድ ከፊንክ የሚረዝመው ከ6 በመቶ ባነሰ ነው። የሴትና የወንድ የጉልበት ልዩነት ውሃ ውስጥ ስለጠፋ አይደለም። ጉልበት ወደ ፍጥነት ሲመነዘር ስለሚኮማተር ነው፤ ቅድም 10 በመቶው 3 በመቶ እንደሆነው። በዚህ ላይ የሴቶች ሰውነት በአማካይ የተሻለ ይንሳፈፋል፣ እግራቸው ብዙም አይሰጥምና የሚገጥማቸው እንቢታ ያንሳል። ርቀቱ ሲረዝምና ውሃው ሲቀዘቅዝ ይህ ይበልጥ ይታያል። ገርትሩድ ኢደርል በ1926 የእንግሊዝን ቦይ የመጀመሪያዋ ሴት ሆና ስትሻገር፣ ከእሷ በፊት የተሻገሩትን አምስት ወንዶች በሙሉ በሰዓት በልጣቸዋለች።

ሯጩ ገንዳ ውስጥ

የመስቀል አደባባዩን ወጣት ገንዳ ጠርዝ ላይ እያለከለከ ትተነዋል። አሁን ምን እንደነካው መናገር እንችላለን።

መጀመሪያ እግሩ ነው። የሯጭ እግር ሀብቱ ነው፤ ጡንቻው የጠነከረ፣ ስብ የሌለው። ውሃ ውስጥ ግን ይህ ሀብት ዕዳ ይሆናል። ሰው ከፊት በኩል በአየር የተሞላ ሳንባ ስላለው ደረቱ ይንሳፈፋል፤ ስብ የሌለው እግር ደግሞ ይሰጥማል። እግር ሲሰጥም ሰውነት ዘንበል ይላል፤ የዘነበለ ሰውነት ውሃውን በጠባብ ፊት ሳይሆን በሰፊው ይገጥመዋል። ልጁ ለእግሩ መስጠም መፍትሔ ብሎ አጥብቆ መራገጥ ይጀምራል። ትልልቆቹ የጭን ጡንቻዎች ኦክስጅን ይጨርሳሉ፤ ፍጥነት ግን እምብዛም አይጨምሩም። የረጅም ርቀት ዋናተኞች ብዙዎቹ እግራቸውን በሁለት ክንድ ምት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ ሚዛን ለመጠበቅ ያህል የሚያነቃንቁት ለዚህ ነው። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ደግሞ ግትር ነው፤ ለመሬት የሚያስፈልገው ያ ነዋ። የዓሣ ጭራ ሆኖ ወደ ኋላ አይታጠፍም። የዋና አሠልጣኝ ሯጭን ሰሌዳ አስይዞ በእግሩ ብቻ ሲያስዋኘው ባለበት መቆሙ፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ መሄዱ፣ በገንዳ ዳር የታወቀ ሳቅ ነው።

ቀጥሎ ትንፋሹ። ሯጭ ሲደክመው በፈለገው ጊዜ ይተነፍሳል። በፍሪስታይል ግን ፊት ውሃ ውስጥ ስለሆነ ትንፋሽ የክንድ ተገዢ ነው፤ ፊት በዞረበት ቅጽበት ካልሳቡ ቀጣዩን ምት መጠበቅ ነው። ጀማሪ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲያስገባ አየሩን አፍኖ ይይዛል። የመታፈን ስሜት የሚመጣው ኦክስጅን ስላለቀ ሳይሆን ሰውነት ማስወጣት ያለበት የተቃጠለ አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ስለተጠራቀመ ነው። አንጎል የሚለካው እሱን ነውና። ስለዚህ ጀማሪን የሚያድነው ብዙ መሳብ ሳይሆን ፊቱ ውሃ ውስጥ ሳለ አረፋ እያወጣ ያለማቋረጥ መተንፈስ ነው፤ ለመሳብ ሲዞር ሳንባው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል።

እነዚህ ሁለቱ ሲደመሩ በሁለት ሰዎች መካከል ያለው የቁጠባ ልዩነት ውሃ ውስጥ እጅግ ሰፊ ይሆናል። ሩጫን ማንም ጤነኛ ልጅ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ከብት ሲጠብቅም፣ ትምህርት ቤት ሲሄድም ለምዶታል። በመጥፎ ሯጭና በጥሩ ሯጭ መካከል ለአንድ ኪሎ ሜትር የሚወጣው ጉልበት ልዩነት አለው፤ ግን እጥፍ አይደርስም። በዋና እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንድ ኪሎ ሜትር መዋኘት ለሠለጠነ ሰው የአራት ኪሎ ሜትር ሩጫ ያህል ነው ካልን፣ ላልሠለጠነው ስምንትም ሊሆን ይችላል።

ከፍታችንም እዚህ ላይ አያግዝም። አዲስ አበባ ወይም በቆጂ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የአጭር ርቀት ሯጭን የሚጋፋው አየር ያንሳል። በ1968 በ2,240 ሜትር ከፍታ ላይ በምትገኘው ሜክሲኮ ሲቲ በተካሄደው ኦሊምፒክ ርዝመት ዘላዩ ቦብ ቢሞን 8.90 ሜትር የዘለለው በዚህም ታግዞ ነው፤ ማሞ ወልዴ ደግሞ እዚያው ኦክስጅን በሚያንስበት አየር ማራቶኑን አሸንፏል። ውሃ ግን በከፍታ አይሳሳም። ደጋ ላይ የሚዋኝ ሰው የኦክስጅን እጥረቱን ይሸከማል፤ በምላሹ የሚቀነስለት እንቢታ የለም።

መሬት የሚያስከፍለው

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ዋና ይከብዳል ብሎ መጽሐፉን ሊያጥፍ ይችላል። ቆይ! እስካሁን የመዘንነው ወደፊት ለመሄድ የሚያስፈልገውን ነው። ከውድድሩ ማግስት ጠዋት ምን እንደሚሆን አልመዘንንም።

ማይክል ፌልፕስ በ2008 ቤጂንግ ላይ ስምንት ወርቅ ሲወስድ፣ ማጣሪያውንና ፍጻሜውን ጨምሮ በዘጠኝ ቀን 17 ጊዜ ዋኝቷል። አንድም ሯጭ፣ በአጭር ርቀት እንኳ፣ እንዲህ ያለ ጉድ አይሞክርም። በዚያው ኦሊምፒክ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ሁለት ወርቅ ሲወስዱ ዓለም ያደነቀው ድርብ ድል ስለሆነ ነው። ምርጥ የማራቶን ሯጭማ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚወዳደረው።

ምክንያቱ ያው መሬት ነው። የማይሸሸው መሬት ብድር ይሰጣል ብለናል፤ ወለዱን ደግሞ ከሥጋ ይወስዳል። ሲሮጡ እያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነት ክብደት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በሚሆን ኃይል መሬቱን ይመታል፤ መሬቱም በዚያው ልክ ይመልሳል። በደቂቃ 170 ያህል እርምጃ ካሰቡ በአንድ ሰዓት 10 ሺህ ያልፋል። እግር ሲያርፍ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ይጠነክራል፤ መውደቅን እየተከላከለ መዘርጋት አለበት። ጡንቻን በጣም የሚጎዳው ይህ ዓይነቱ ሥራ ነው። ቁልቁለት የሮጠ ሰው በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ የሚያቅተው የጡንቻው ክሮች በጥቃቅኑ ስለተቀደዱ ነው። ዋና ውስጥ ይህ ከሞላ ጎደል የለም። እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው እግሩ የሚሸከመው ከክብደቱ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው፤ በደረቱ የተኛ ዋናተኛማ ምንም አይሸከምም።

የዋናተኞች ልምምድ እብደት የሚመስለው ለዚህ ነው። የረጅም ርቀት ዋናተኛ በቀን ሁለቴ እየገባ በሳምንት 60 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ይዋኛል። በአራት ለአንድ ምጣኔ 240 ኪሎ ሜትር ሩጫ ማለት ነው። ይህን በየሳምንቱ የሮጠ ሰው የቅልጥም አጥንቱ ሳይሰነጠቅ ወቅቱን መጨረሱ ያጠራጥራል። ዋናተኛም አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ትከሻው በየቀኑ በሺህ የሚቆጠር ዙር ስለሚዞር የሚያልቀው እሱ ነው።

ሙቀትም ሚዛኑን ወደ ሩጫ ያደላዋል። ሯጭ ከሚያቃጥለው ኃይል አብዛኛው ሙቀት ይሆናል፤ በላብ ካላስወጣው ይቀቅለዋል። ውሃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ይወስዳል። ለዚህ ነው የውድድር ገንዳ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ የሚደረገው፤ የሶደሬ ፍል ውሃ ለመዝናናት እንጂ ለረጅም ልምምድ የማይመቸውም ለዚህ ነው። በክፍት ውሃ ውድድር ደግሞ አደጋው በሁለቱም በኩል ስለሆነ ከ16 ዲግሪ በታችና ከ31 ዲግሪ በላይ በሆነ ውሃ ውድድር አይካሄድም።

ስለዚህ ማነው የሚከብደው ለሚለው የእኔ መልስ እንዲህ ነው። በኪሎ ሜትር ከሆነ ዋና፣ ያለ ጥርጥር። ለመልመድ ከሆነም ዋና። በአንድ ሰዓት ሥራ በሰውነት ላይ ለሚጥለው ጠባሳ ከሆነ ሩጫ፣ ያውም በሰፊ ልዩነት። የሃዋዮቹ ሰዎች ሲከራከሩ ምናልባት ሁሉም ትክክል ነበሩ፤ እያንዳንዱ የሚናገረው የራሱ ስፖርት ስለሚያስከፍለው ሌላ ሒሳብ ነበርና።

በሰዓት መቁጠር

ይህ ለልምምድ ምን ይጠቅማል? ጉልበቱ ወይም ቅልጥሙ የታመመ ሯጭ ሐኪም «ለጥቂት ሳምንት አትሩጥ፣ ዋኝ» ሲለው ብዙ ጊዜ ኪሎ ሜትር መቁጠር ይጀምራል፤ በሳምንት 80 እሮጥ ከነበር 20 ልዋኝ ይላል። ቴክኒኩ ገና ያልተስተካከለ ሰው ግን 20 ኪሎ ሜትር ዋኝቶ የሚያገኘው የትከሻ ሕመም ነው። ለእሱ የሚሻለው ሰዓት መቁጠር ነው፤ 50 ደቂቃ ይሮጥ ከነበር 50 ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይቆይ፣ በመካከሉ አጫጭር ዙሮችን ፈጠን ብሎ እየዋኘና ጠርዝ ላይ ጥቂት እያረፈ፣ ኢንተርቫል እንደሚሠራ ማለት ነው።

ዋና ጨርሶ የማይችል ሯጭም አማራጭ አለው። ወገቡ ላይ የሚያንሳፍፍ ቀበቶ አስሮ እግሩ ወለል በማይነካበት ጥልቀት ባለበት ይሮጣል። እንቅስቃሴው የሩጫ፣ ምቱ ግን የለም፤ አጥንቱ ያርፋል፣ ልብና ሳንባው ይሠራሉ። አሠልጣኞች ይህን የሚያዙት ሯጩ አቅሙ ሳይወርድ ወደ መሬት እንዲመለስ ነው።

በሁለቱም አንድ ወጥመድ አለ። ውሃ ሰውነትን ከዙሪያው ስለሚጫነው፣ ዋናተኛም የተኛ ስለሆነ፣ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ይበዛል። ልብ በአንድ ምት ብዙ ደም ስለሚረጭ ቶሎ ቶሎ መምታት አያስፈልገውም፤ የውሃው ቅዝቃዜም ይረዳል። ስለዚህ በእኩል ልፋት የልብ ምት ውሃ ውስጥ ከመሬቱ በደቂቃ 10 ያህል ያንሳል። የእጅ ሰዓቱን እያየ «ገና 150 ነኝ፣ አልለፋሁም» ብሎ የሚጨምር ሯጭ ራሱን ያደክማል። ገንዳ ውስጥ 150 ካነበበ መሬት ላይ 160 እንደሆነ ቆጥሮ መሥራት አለበት።